ለፋሲካ የአበባ ካርድና ታግ በዳይ (ወረቀት በቅርጹ በሚቆርጥ ስለታም ብረት) እየሠራሁ ነው፣ ቅርንጫፉ አልቆረጥ አለኝ፣ የአማርኛ ጽሑፉስ እንዴት ይደረግ?

ሜሪላንድ_ወረቀት

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ፣ እንኳን ለጾሙ አደረሳችሁ። ዘንድሮ በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 አይደል፣ እኛ ደግሞ በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ገንዘብ ማሰባሰቢያ ትንሽ ባዛር አለችን፣ እኔ በእጅ የተሠራ ካርድ እና ድፎ ዳቦና ቡና ላይ የሚታሰር ታግ አቀርባለሁ ብያለሁ። ሰው ገዝቶ ለፋሲካ እንዲልከው ነው ሐሳቡ። ማሽኔ ዳዩንና ወረቀቱን በፕላስቲክ ሰሌዳዎች መሀል አድርገሽ በሮለር የምታሳልፊበት፣ በእጅ የሚዞረው ነው፣ ኮረንቲ የማይፈልገው፣ ከሰው የገዛሁት ግን ደህና ነው። ዳዮቹ ቱሊፕ አለ፣ ዳፎዲል የሚባለው ቢጫ አበባ አለ፣ የተለያየ መጠን ያላቸው አራት ማዕዘኖች፣ ሦስት ዓይነት ታግ፣ እና አንድ የቼሪ ብሎሰም ቅርንጫፍ። እዚህ ዲሲ አጠገብ ሆኜ ቼሪዋን መተው አልሆነልኝም፣ በ1912 እ.ኤ.አ. ከቶኪዮ በስጦታ የመጡት ዛፎች የሚያብቡት በጾሙ ሰሞን ስለሆነ ለኛ ሰው እዚህ አገር የፋሲካ መምጫ እሷ ናት።

አሁን ጥያቄዬ፣ ቅርንጫፏ ዳር ዳሩ ይቆረጥና መሀሉ ላይ አይለቅም፣ በግድ ሳላቅቀው ቀጫጭኑ ይበጠሳል። ሁለተኛ የአማርኛ ጽሑፍ። በእንግሊዝኛ ሃፒ ኢስተር የሚል ዳይ በየሱቁ ሞልቷል፣ በኛ ፊደል ግን ፈልጌ አላገኘሁም። የኛ በዓል ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለጥፌ መሸጥ ደግሞ ልቤ አልፈቀደም። ሦስተኛ አንዳንድ እህቶች አደይ አበባ አድርጊበት እያሉኝ ነው፣ ምን ትላላችሁ? የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መቀስና_ሙጫ

እህቴ ቅርንጫፍ ዳይ ሁሉንም ሰው ያስቸግራል፣ ማሽንሽን አትጠራጠሪ። ሮለሩ ጫፍና ጫፉ ላይ ተይዞ መሀሉ ስለሚለጠጥ ትንሽ ጎበጥ ይላል፣ ስለዚህ መሀል ላይ ያለው ነገር የሚያርፍበት ጫና ያንሳል። ዳዩን መሀል ላይ አታድርጊው፣ ወደ አንዱ ጎን አስጠጊው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎን፣ ሁሌ አንድ ቦታ ከሆነ ፕላስቲኩ እዚያው ይጎደጎዳል። ቀጥ አድርገሽ አታስገቢው ደግሞ፣ ሰያፍ አድርጊው፣ በተለይ አራት ማዕዘኖቹን፣ ረጅሙ ስለት በአንዴ ሮለሩ ስር ሲገባ ነው እጀታው አልዞር የሚለው። ስለቱ ያለበት ፊት ወደ ወረቀቱ መሆኑን እያየሽ፣ በወረቀት ቴፕ ያዝ አድርጊው እንዳይንሸራተት፣ ቴፑን ግን መጀመሪያ ልብስሽ ላይ ለጠፍ ነቀል አድርገሽ ማጣበቂያውን አዳክሚው አለበለዚያ ወረቀቱን ይዞት ይነሳል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ መሀሉ ካልለቀቀ ከፕላስቲኩ ስር አንድ ተራ የኮፒ ወረቀት ጨምሪ፣ ካልበቃ ሁለት። ከዚያ በላይ አትሂጂ፣ እጀታው እየተንቋቋ በጉልበት መዞር ከጀመረ ወፍሯል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻም አታሳልፊው፣ ሂድ መለስ ሂድ መለስ አድርጊው። የፕላስቲክ ሰሌዳዎቹ ደግሞ እየተጠቀምሽባቸው ሲሄዱ ይጎብጣሉ፣ በየጊዜው ገልብጪያቸው፣ የጎበጠውን ጎን ወደ ላይ አድርገሽ ስታሳልፊው ራሱ ይቃናል።

ለመበጠሱ ዋናው ነገር በዳዩና በወረቀቱ መካከል ዋክስ ፔፐር ማድረግ ነው፣ ኩሽና የምንጠቀምበትን በሰም የተቀባውን፣ ቁራጭ ትበቃለች። ሰሙ ወረቀቱ ከስለቱ ላይ እንዲንሸራተት ስለሚያደርግ ቅርንጫፉ በራሱ ወደቅ ይላል። ካልወደቀም በጥፍር አትቆንጥጪው፣ ከዳዩ ጀርባ ባሉት ቀዳዳዎች በመርፌ ጫፍ ገፋ ገፋ አድርጊ። የወረቀቱስ ክብደት ስንት ነው? ለአበባና ለቅርንጫፍ ከ65 እስከ 80 ፓውንድ ያለው ካርድስቶክ (ጠንከር ያለው የካርድ ወረቀት) ጥሩ ነው፣ ለካርዱ አካል 110 ፓውንድ። ለቅርንጫፉ ወፍራም ወረቀት ከተጠቀምሽ ከላይ ያልኩሽ ሁሉ ብዙም አይረዳም። ርካሹን መሀሉ ነጭ የሆነውን ካርድስቶክም ለአበባ አልመክርም፣ ስታጥፊው ነጩ ይወጣል፣ እስከ ውስጡ ቀለም ያለውን ፈልጊ። ጆአን የሚባለው የእጅ ሥራ ዕቃ ሱቅ ከተዘጋ ወዲህ እኔ ማይክልስ የሚባለው ሱቅ ነው የምገዛው ወይ ኦንላይን።

ፊደል_ፍራንክፈርት

የፊደሉን ነገር እኔ ልመልስ ምክንያቱም እኔም ብዙ የደከምኩበት ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ መቁረጫ ያለው ጓደኛ ካለሽ፣ ክሪከት ይሁን ሲሉየት ካሜኦ፣ ዳይ ፍለጋ መንከራተት የለም፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ፎንት ይቀበላሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ነው የሚወርደው፣ ወፍራሙን አይነት ምረጪ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል መልኩ ደስ ይላል የብራና ጽሑፍ ይመስላል ግን ቀጫጭን መስመሮች ስላሉት በትንሹ ስትቆርጪው ይበጠሳል፣ እሱን ለማተም ነው የምጠቀመው። የፊደሉ ቁመት ከ2 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው።

የኛ ፊደል እንደ እንግሊዝኛው የእጅ ጽሑፍ አይያያዝም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተቆርጦ ይወጣል፣ መልካም ፋሲካ ብለሽ ስትለጥፊ ሰባት ቁራጭ አሰልፈሽ ነው እና አንዱ ጠመም ካለ ያስታውቃል። እኔ የማደርገው ከፊደሎቹ ዙሪያ ሰፋ ያለ ጥላ አስወጣና ጥላው ተያይዞ አንድ ወጥ ቁራጭ ይሆናል፣ ጥላውን በጥቁር አረንጓዴ እቆርጥና ፊደሎቹን በነጭ ላዩ ላይ እለጥፋለሁ፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል ከሩቅም ይነበባል። ካርዱን በፊደሉ ቅርጽ መብሳት ካሰብሽ ግን ተጠንቀቂ፣ መ፣ ወ፣ ቀ፣ ዐ የመሳሰሉት ውስጣቸው ዝግ ስለሆነ የመሀሉ ቁራጭ ወድቆ ፊደሉ ጥቁር ቀዳዳ ብቻ ይሆናል፣ ወይ መሀሉን መልሰሽ በእጅ መለጠፍ ነው ወይ መተው።

ፒያሳ_ልጅ

እኔ በዚህ አልስማማም ወንድሜ ይቅርታ። ለባዛር ካርድ ሌላ ማሽን ምን ያስፈልጋል? ያላት በቂ ነው። እህቴ የምልሽን ስሚኝ፣ ጽሑፉን መጀመሪያ አትሚው፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆረጠው። አራት ማዕዘኖቹና ታጎቹ መሀላቸው ክፍት አይደለም እንዴ፣ ጽሑፉ የታተመበት ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ በክፍተቱ እያየሽ ጽሑፉን መሀል ላይ አስተካክለሽ፣ ቴፕ አድርገሽ ማሳለፍ ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ላይ አስርም አስራ ሁለትም ጊዜ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ ብለሽ አራርቀሽ ትጽፊና ሁሉም ታግ ይሆናል። ይሄ ረጅም ሰላምታ ደግሞ በፊደል ቁራጭ በፍጹም አይሠራም፣ መታተም አለበት። እንኳን አደረሳችሁ ብቻ ከሚል ይልቅ ሙሉው ቢጻፍ ለትልልቅ ሰዎች ደስ ይላል።

ሌዘር ፕሪንተር ካለ ደግሞ ወርቃማ ማድረግም ይቻላል፣ ለቶነር (ለሌዘር ፕሪንተሩ የዱቄት ቀለም) የሚሠራው ፎይል አለ፣ በታተመው ላይ አልብሰሽ በላሚኔተር ስታሳልፊው ጥቁሩ ጽሑፍ ላይ ብቻ ወርቁ ይቀራል። ኢንክጄት ከሆነ አይዝም፣ የሚይዘው ቶነር ላይ ነው።

ሌላው መንገድ ማህተም። እዚህ አዲስ አበባ እኛ የሠርግም የልደትም ጽሑፍ ማህተም ቀራጭ ጋ ሄደን ነው የምናሠራው፣ እዚያም የራስሽን ጽሑፍ ምስል ስትልኪላቸው ማህተም አድርገው የሚሠሩ ኦንላይን አሉ። አንዴ ከተሠራ ለሚመጣው ዓመትም ለገናም ይሆናል፣ በዓሉን ሳትጠቅሺ እንኳን አደረሳችሁ ብቻ ካስቀረጽሽው። ከሁሉም በላይ ግን ጽሑፉ ያማረ ዲያቆን ወይ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ አይጠፋም፣ ቁም ጽሕፈት የሚችል ሰው አንዴ ጥሩ አድርጎ ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ይጻፍልሽ፣ ስካን አድርጊውና እሱን አትሚ ወይ ማህተም አሠሪው። ማንም ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ካርድ ይሆናል፣ ሰውም የሚገዛው ለሱ ብሎ ነው።

እትዬ_አትላንታ

ልጆቼ እንዴት ዋላችሁ። ስለ አደይ አበባ ማንም አልመለሰላትም እኮ። ልጄ አደይ የመስከረም ናት፣ ክረምት ወጥቶ ሜዳው ሲፈካ የምትታይ፣ ለእንቁጣጣሽ አስቀምጪያት። ለፋሲካ የራሳችን ለምለም ነገር አለን። ቀዳም ስዑር ጠዋት ካህናቱ ቄጤማ የሚያድሉን ለምን ሆነና፣ ርግቧ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ ውኃው መጉደሉን እንዳበሰረችው የትንሣኤው የምሥራች ነው፣ እኛም ራሳችን ላይ አስረነው እንውላለን። ሣር የሚቆርጥ ዳይ አለ አይደል፣ የልጄ ልጅ አለቻት፣ እሷን በሁለት ዓይነት አረንጓዴ ቆርጠሽ ታጉ ጥግ ላይ ብታስሪያት ያየ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ባዛሩ በሆሳዕና ዕለት ነው ካልሽ ደግሞ ዘንባባ ጨምሪ፣ የዘንባባ ቅጠል ዳይ ሞልቷል፣ ትንሽ የወረቀት ጥብጣብ ደግሞ ልጆቹ በየግንባራቸው እንደሚያስሩት መስቀል አድርገሽ መታታት ትችያለሽ ያለ ማሽን።

ጥንቸልና ባለቀለም እንቁላሉን ተዪው ልጄ፣ ባንቀየምበትም የኛ አይደለም። ቼሪሽንና ዳፎዲልሽን ግን አድርጊ፣ የምትኖሪበት አገር አበባ ነው፣ ልጆቹም የሚያውቁት እሱን ነው። ካርዱ ውስጥ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን ይባልበት። ለታጉ ማሰሪያ የተገዛ ሪባን አትፈልጊ፣ ነጭ የጥጥ ፈትል ካለሽ እሱ፣ ወይ ካረጀ ነጠላ ላይ ጥለቱን በቀጭኑ ቆርጠሽ ጀርባውን በሙጫ ለጥፊው እንዳይተረተር።

ሜሪላንድ_ወረቀት

እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቄጤማውን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ የነጠላውንም ጥለት እንዲሁ፣ ባዛር ላይ ሲመጡ ቢያዩት እንዴት ደስ ባለኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዋክስ ፔፐሩ ሠራልኝ፣ ሰያፍ አድርጌ ስር አንድ ወረቀት ጨምሬ ቅርንጫፏ ሙሉዋን ወጣች! ጽሑፉን በፒያሳ_ልጅ መንገድ አደርገዋለሁ፣ መዘምራን ውስጥ ጽሑፉ በጣም የሚያምር ልጅ አለን እሱን እለምነዋለሁ። ወንድሜ ፍራንክፈርት ያንተን ደግሞ ለትልቁ የጠረጴዛ ማስታወቂያ እጠቀምበታለሁ፣ አንዷ ጓደኛዬ ክሪከት አላት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አበባዎቹ ጠፍጣፋ ሆነው ሕይወት የላቸውም፣ ስፖንጁ ቴፕ ላይ አድርጌ ከፍ ሳደርጋቸው ደግሞ ካርዱ ወፍሮ ፖስታው አልዘጋ ይላል። ሰው በፖስታ ቤት እንዲልከው ስለምፈልግ ምን ባደርግ ይሻላል?

መቀስና_ሙጫ

እሰይ እንኳን ወጣችልሽ። አበባውን ለማጉበጥ የኮምፒውተር ማውስ ስር የሚደረገውን ለስላሳውን ፓድ ገልብጪና አበባውን ላዩ ላይ አድርገሽ ጫፏ ክብ በሆነች ነገር፣ የዶቃ ራስ ያላት ትልቅ መርፌም ትሆናለች፣ እያንዳንዱን የአበባ ቅጠል ከጫፉ ወደ መሀል ሳብ ሳብ አድርጊው፣ ራሱ ይነሳል። ለዳፎዲሏ ስድስቱን ቅጠል እንዲህ አድርገሽ መሀሏ ላይ ያለችውን ጽዋ በጠቆር ያለ ብርቱካናማ ቆርጠሽ ጥቅልል አድርገሽ ለጥፊ። ቼሪዋን ነጭ ወረቀት ላይ ቆርጠሽ መሀሏን ብቻ በሮዝ ቀለም ነካ ነካ አድርጊ፣ ሙሉ ሮዝ ወረቀት ከሆነ ይከብዳል፣ እውነተኛዋ ከሩቅ ነጭ ነው የምትመስለው። ሙጫ በቀጭን አፍ ያለው ጠርሙስ፣ መሀሏ ላይ ነጥብ ብቻ፣ ዳሯ ነፃ ይሁን።

ለፖስታው እንዲህ አድርጊ፣ የሌተር ወረቀቱን (8.5 በ11 ኢንች የሆነውን) ለሁለት ቆርጠሽ ስታጥፊው 4.25 በ5.5 ኢንች ካርድ ይወጣል፣ ኤ2 የሚባለው ፖስታ ልክ ነው። ከማጠፍሽ በፊት ቀለም ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ መስመር አስምሪበት፣ ወፍራም ካርድስቶክ ያለዚያ ይሰነጠቃል። ስፖንጅ ቴፑን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጠቀሚ፣ ቅርንጫፉን ጠፍጣፋ አድርገሽ ለጥፊና አንዷን አበባ ብቻ ከፍ አድርጊ። በአሜሪካ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ተብሎ ለመሄድ ውፍረቱ ከሩብ ኢንች መብለጥ የለበትም፣ ቅርጹ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ፖስታ ወይም ውስጡ ጎርበጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ያስከፍላል በማሽን ስለማይለይ። ስለዚህ ካሬ ካርድ ለባዛሩ አትሥሪ፣ ገዢው ፖስታ ቤት ሄዶ ነው የሚናደደው። ጎበጥ ጎበጥ ያሉትን ለታጎቹ አድርጊያቸው፣ እነሱ ዳቦና ቡና ላይ ነው የሚታሰሩት።

ወደ ኢትዮጵያ የሚልኩ ሰዎች ካሉ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እንዲጽፉ ንገሪያቸው፣ አገር ቤት ደብዳቤ በአብዛኛው ቤት ድረስ ሳይሆን ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው፣ የራሳቸው ከሌላቸው የመሥሪያ ቤታቸውን። ለፋሲካ እንዲደርስ ከተፈለገ ግን ሆሳዕና ዕለት ገዝቶ መላክ ረፍዷል፣ ለአገር ቤት የሚሆኑትን ቀድመሽ ሠርተሽ አሁኑኑ ለሚፈልግ ስጪ።