እህቴ አልከሳችም፤ ፊልሞቹ ግን የሚያሳዩን የከሳችውን ብቻ ነው

የደሴ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ከበላች በኋላ ተደብቃ እንደምታስመልስ ያወቅኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት እየኖርን! በፊልም እንዲህ ስትታመም ያየሁት ሁሌ አጥንቷ የወጣ፣ መስታወት ፊት ቆማ የምታለቅስ የፈረንጅ ልጅ ስለሆነ የኛዋን እንዴት ልጠርጥር? ሞላ ያለች ናት፣ ሰርግ ቤት «የወሎ ቆንጆ» የምትባል። ጾም ሲገባ ደግሞ ከሁላችንም ቀድማ የምትይዘው እሷ ናት፣ እናቴም በዚህ ደስ ይላት ነበር። ለምን እንዲህ ያለችውን አያሳዩንም?

ነርሷ_ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። ይሄ ቡሊሚያ (ብዙ በልቶ ተደብቆ የማስመለስ በሽታ) ይመስላል፣ ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኪሎው እንደማንኛውም ሰው ነው። የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና ይሄ በሽታ እንደነበረባት በ1995 (እ.ኤ.አ.) ለቢቢሲ ራሷ ተናግራለች፤ ያ ሁሉ ካሜራ እየተከተላት ለዓመታት ታማ ነበር። ፊልም ግን ዓይን የሚይዝ ነገር ስለሚፈልግ አጥንት ይመርጣል። ተደጋግሞ ማስመለስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም (ለልብ የሚያስፈልግ ማዕድን) ያወርዳል፣ የልብ ምት ያዛባል። ቶሎ ውሰጃት፣ የደም ምርመራ ይደረግላት። «ደህና ትመስላለች» ብሎ የሚመልሳችሁ ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።

አባ_መላ_ወልድያ፦
ይቅርታና ይሄ የፈረንጅ በሽታ አይደል? እናቴ በ77 ኮረም መጠለያ የነበረች ናት። የዛ ሕዝብ ልጅ እህል ይተፋል ሲባል ያመኛል።

ሐይቅ_ዳር፦
ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ እኛም ቤት በ77 የሞተ አለ። ለዛም ይመስለኛል እኛ አገር የከሳ ሰው በስክሪን ሲታይ ራብ ብቻ ትዝ የሚለን። ግን ፊጂ የምትባለውን የደሴት አገር እይ። አንድ አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያኔ ከተጠየቁት ተማሪ ልጃገረዶች ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንድም አልነበረችም፣ በ1998 ግን 11.3 በመቶ ሆኑ። ወፍራም ሰው የሚከበርበት አገር ነበር፣ ልክ እንደኛ።

እኔ ራሴ ታምሜ ነበር። ፊልሞቹን የማያቸው ለመማር ነበር፤ ኪሎ ሲጠሩ፣ እንዴት እንደሚደብቁ ሲያሳዩ እይዘዋለሁ። ሠሪዎቹ ለማስጠንቀቅ ብለው ይሆናል፣ ለታመመ ሰው ግን መመሪያ ነው። እህትሽ አሁን እንዳታያቸው። ሌላው የሚያናድደኝ መጨረሻቸው ነው፤ አንድ ጉርሻ ትውጣለች፣ ሙዚቃ ይገባል፣ ዳነች። እኔን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ መሃል ላይም ተመልሼ ወድቄያለሁ።

የደሴ_ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ነገ አብሬያት እሄዳለሁ። እናቴ ግን «ቡዳ ነው» ብላ ጠበል ልትወስዳት ነው። ምን ብዬ ላስረዳት?

ሐይቅ_ዳር፦
ጠበሉን አትከልክያት፣ ሐኪሙም ጠበሉም ይሁን። የበሽታውን ስም ተይው። እኔ ለእናቴ «እማ፣ እህል ጠላቴ ሆነብኝ፣ አስታርቂኝ» ነበር ያልኳት። ከዛን ቀን ጀምሮ ብይ ብላ አልጮኸችብኝም፣ ዝም ብላ አጠገቤ ተቀምጣ ትበላ ነበር።