የብሪስቶሉ ሙዚየም፦ «ሪላያንስ» ለምን በሞዴል ብቻ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሮድ አይላንድ፣ ብሪስቶል ባለው የሄሬሾፍ ሙዚየም የ1903ቷ የአሜሪካ ዋንጫ (የሸራ ጀልባ ውድድር) አሸናፊ ጀልባ «ሪላያንስ» የምትታየው አንድ ስድስተኛ በሆነ ሞዴል ነው። ዋናዋ የት ደረሰች? ሌላዋ የውድድሩ ጀልባ «ዲፌንደር»ስ? ግድግዳው ላይ ያሉት ሞዴሎችስ ለምን ግማሽ ጎን ብቻ ሆኑ? (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

መልስ 1፦
ሪላያንስ በ1913 ፈራርሳለች። ለአንድ ውድድር የተሠራች ጀልባ ነበረች፤ 1,500 ካሬ ሜትር ገደማ ሸራና ከ60 በላይ መርከበኛ ለሽርሽር አይሆንም። ሞዴሉን ስታዩ ከፊትና ከኋላ ከውሃው በላይ የተንጠለጠለውን ልብ በሉ። ደንቡ የሚለካው ቀጥ ብላ ስትቆም ውሃ የሚነካውን ርዝመት ነው፤ እሱ 27 ሜትር ሲሆን ከላይ ግን 44 ሜትር ያህል ናት። ነፋስ ሲያጋድላት የተንጠለጠለው ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የረዘመች ጀልባ ደግሞ ትፈጥናለች።

መልስ 2፦
ዲፌንደርን የበላት የራሷ ገላ ነው። በ1895 ክብደት ለመቀነስ ከውሃ በላይ አሉሚኒየም፣ ከውሃ በታች ነሐስ ለበሰች፤ አጥንቷ (ቅርጿን የሚይዘው የውስጥ ማገር) ብረት። የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው ጨዋማ ውሃ ሲያገናኛቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ እዚህ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በ1901 ፈረሰች። ዛሬም በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ የነሐስ ዕቃ የሚያስር ሰው መሃሉ ፕላስቲክ ያስገባ። ብሎኑንም በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፍን፤ አለዚያ ግንኙነቱ በብሎኑ በኩል ይቀጥላልና ልፋቱ ከንቱ ነው።

መልስ 3፦
ግማሽ የሆኑት ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ነው። ጠፍጣፋው ጀርባ ደግሞ የመለኪያ መነሻ ይሆናል። የነዚህ ጀልባዎች ነዳፊ ናትናኤል ሄሬሾፍ መጀመሪያ ቅርጹን ከእንጨት ይጠርብ ነበር፤ ከዚያ በየአጥንቱ ቦታ ልኩን ወስዶ በመጠኑ ያባዛል። ሞዴሉ አንድ ሃያ አራተኛ ከሆነ የ1 ሚሊሜትር ስህተት ጀልባው ላይ 24 ሚሊሜትር ይሆናል። ሞዴሉ የሚያሳየው የሳንቃውን ውጭ ከሆነ አጥንት ከመቁረጥ በፊት የሳንቃው ውፍረት ይቀነሳል፤ ይህ ከተረሳ ጀልባው ይወፍራል። ሙዚየሙ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ ጫፍ ወደ ፊት ተመልከቱ፤ መስመሩ ከፊት ለፊት የማይታየውን ያሳያል።

መልስ 1፦
ሞዴል ሳይሆን እውነተኛ የዋንጫ ጀልባ ማየት ለሚፈልግ፦ በ1983 ዋንጫውን ከአሜሪካ የወሰደችው «አውስትራሊያ 2» አውስትራሊያ፣ ፍሪማንትል ባለው ሙዚየም ቆማለች። ያኔ ተወዳዳሪዎች እንዳያዩት በጨርቅ ይጋረድ የነበረው ክንፋም ኪሏ (ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርደው ሚዛን ጠባቂ አካል) ከሥር ይታያል።