በወላጆች መዋጮ ሁለት ክፍል ለመጨመር ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦ የቀበሌያችን የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በመዋጮ ሁለት መማሪያ ክፍል ሊጨምር አስቧል። ርዕሰ መምህሩ "በምዝገባ ጊዜ እንሰብስብ" ይላሉ፤ ከወላጅ መምህር ህብረቱ ደግሞ "ሕዝቡ ያኮርፋል" የሚል አለ። ገንዘቡስ በማን እጅ ይሁን?

የቦርድ አባል፦ በምዝገባ ጊዜ? በፍጹም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርት ነፃ ነው፤ መዋጮ የመመዝገቢያ ቅድመ ሁኔታ አይሆንም። ደግሞም ነሐሴና ጳጉሜን የገበሬው ጎተራ የሚራቆትበት ነው። እህል ከተወቃ በኋላ ጥር ላይ ጉባኤ ጥሩ፤ መጠኑን ሕዝቡ ይወስን፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረም። ገንዘብ የሌለው በጉልበት ወይም በድንጋይ ያዋጣ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ገንዘብ በማንም ኪስ አይደር። በትምህርት ቤቱ ስም የባንክ ሒሳብ፣ በጣምራ ፊርማ። ደረሰኙ ዋናው ለከፋዩ፣ ቀሪው ከጥራዙ ጋር። ጠብ የሚነሳው ግን በብዛት ከዕቃው ነው፦ በዓይነት የመጣው እንጨትና ቆርቆሮ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ፣ በሞዴል 22 ቅጽ ወጪ ካልሆነ ሚስማሩ ሳይቀር "ተበላ" ይባላል። ሒሳቡን በየወሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።

ጠያቂ፦ ግድግዳው ጭቃ ቢሆንስ?

አናጺ፦ ይሆናል፤ ግን ምስጥ እንዳይበላው ቋሚው አፈር አይንካ፣ የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጣሪያው ከሰኔ በፊት ካልለበሰ ክረምቱ ግድግዳውን ያጥበዋል። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታችሁ ቀናት አቆዩት፤ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ይሰነጠቃል።

የቦርድ አባል፦ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ። መምህርና ወንበር ካልተመደበለት ክፍሉ መጋዘን ሆኖ ይቀራል።