ጭቃ ሸሽተን ዳር ዳሩን ስንሄድ መንገዱን እያጠፋነው ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደን ውስጥ በአንድ የእግር መንገድ አዘውትሬ እሄዳለሁ። ስጀምር ሰው ተከታትሎ የሚያልፍባት ቀጭን መንገድ ነበረች፣ አሁን ሦስት አራት ሰው ጎን ለጎን ታስኬዳለች፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ መሃሉ ተቦርቡሮ የዛፍ ሥር ወጥቷል። በእግር መሄድ ብቻውን ይህን ያህል አፈር ያስጠርጋል? ወይስ የዝናቡ ነው? በጣም አሳስቦኛል።

መልስ 1፦
ሁለቱም። መጀመሪያ እግራችን ሣሩንና የረገፈውን ቅጠል ያጠፋል። ከዚያ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው መስረጉ ይቀርና ላይ ላዩን ይወርዳል። መንገዱ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነማ ቦይ ሆነ ማለት ነው።

መልስ 2፦
መንገዱ የሰፋው ጭቃ ስለምንሸሽ ነው። እኔም ጫማዬ እንዳይበላሽ ብዬ ለዓመታት ዳር ዳሩን ነበር የምሄደው። ዳር ያለው ሣር ይሞትና እሱም ጭቃ ይሆናል፣ የሚቀጥለው ሰው ከሱ ወዲያ ይረግጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሰፋል። መሃል ለመሃል ረግጣችሁ እለፉ፣ በጣም ከራሰ ደግሞ የዚያን ቀን ይቅር። ጠመዝማዛውን ትቶ በአቋራጭ መውረድም ያው ጥፋት ነው።

መልስ 3፦
ተበታትነን ብንሄድስ? ጉዳቱ የሚቀል ይመስለኛል።

መልስ 1፦
ብዙ ሰው በሚሄድበት ቦታ አይቀልም። ያልተረገጠ መሬት ላይ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ስንበታተን አንዱን መንገድ አምስት እናደርገዋለን። እንደገና እስኪያገግም ደግሞ ዓመታት ይፈጃል፣ ከፍተኛ ተራራ ላይ ከዚያም ይብሳል። መበታተን የሚሻለው መንገድ በሌለበት፣ ጥቂት ሆነን ድንጋይ ወይም ደረቅ ሣር ላይ ስንሄድ ነው።

መልስ 4፦
የመንገድ ጥገና ላይ በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ተጓዡ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ መንገዱ መጀመሪያ ሲቀየስ ከተበላሸ ተበላሸ። የምንጠቀምበት ልማድ አለ፤ የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ግማሽ አይበልጥም። ጎኑ 20 በመቶ ከሆነ፣ ማለትም በ100 ሜትር አግድም ርቀት 20 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ መንገዱ ከ10 በመቶ በታች ይሁን። ወለሉም ወደ ቁልቁለቱ በኩል ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ውሃው መንገዱን ይዞ ሳይወርድ አቋርጦት እንዲወጣ። ያንተ መንገድ ከተቦረቦረ የሚጠብቁትን ሰዎች አነጋግራቸው፣ ምናልባት መስመሩ መቀየር አለበት። እስከዚያው ቅጠል የደፈነው የውሃ መውጫ ካየህ በዱላህ ጥረግለት።