ፍሬን ስይዝ መሪው ይርገበገባል፤ ዲስክ ልግዛ ወይስ ሌላ የሚፈተሽ ነገር አለ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዋ 2005 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር። ያለሁት ጅማ ነው። ከ80 በላይ እየሄደች ፍሬን ሲያዝ መሪው ግራ ቀኝ ይርገበገባል፤ ወደ 40 ስትወርድ ይጠፋል። ፍሬን ካልተያዘ በየትኛውም ፍጥነት ሰላም ናት። ከሰኮሩ ወደ ግቤ ቁልቁለቱን ስትወርድ ይብስባታል። ጎማው ባላንስ ተደርጓል፣ የፊት ሸራም (ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጠው) አዲስ ነው፤ ለውጥ የለም። መካኒኩ «ዲስኩ ጠሟል፣ ሁለቱንም ቀይር» ይላል። ብር ከማውጣቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ጎሚኒ፦
ፍሬን ሳይያዝ ካልተንቀጠቀጠች የባላንስ ነገር አይደለም፤ እሱን እርሳው። መሪው ላይ የሚሰማ መርገብገብ ባብዛኛው ከፊት ነው። ወንበሩ ወይም ፔዳሉ ከሆነ የሚመታው ኋላውን ተመልከት። ለማረጋገጥ ሰው በሌለበት ደረቅና ሜዳ መንገድ በ40 እየሄድክ የእጅ ፍሬኑን፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ እንደተጫንክ፣ ቀስ አድርገህ ሳበው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው ኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ያኔ ከመታ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል ማለት ነው። በዝናብና በጭቃ እንዳትሞክረው፣ ኋላዋ ይዞርብሃል።

በተረፈ ክሪክ አስገብተህ የፊቱን ጎማ ላይና ታች፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ይዘህ ነቅንቀው። ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ)፣ ኩሽኔታ፣ የብራቾ ጎሚኒ (ጎማውን የሚይዘው ክንድ ላስቲክ) የላላ ካለ ትንሹን መርገብገብ ትልቅ ያደርገዋል። ብቻውን ግን የዚህ ዓይነት ምት አይፈጥርም።

ቶርኖ ቤት፦
«ጠሟል» የሚባለው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የተጣመመ አይደለም። ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ ነው፤ የ0.02 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ እግር ላይና መሪ ላይ ይሰማል። የሚጀምረው ደግሞ ከዲስኩ ጀርባ ነው። ሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት የሚዞር ብረት) ፊት ላይ ዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ ካለ ዲስኩ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ ፍሬን ባይያዝም በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ጎኑ ሸራውን እየነካ ያልፋል። ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያ ቦታ ይሳሳል፣ መምታትም ይጀምራል። አዲስ ዲስክ በዛገ ሞዞ ላይ ሲታሰር መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ከወራት በኋላ የሚመለሰው ለዚህ ነው። የጅማ ዝናብና ጭቃ ደግሞ ለዝገት ያመቻል።

ስለዚህ ጎማውን አውልቅ፣ ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨምቀውን) ፍታና በሽቦ ወደ ላይ እሰረው፤ በጎማ ቱቦው እንዳይንጠለጠል። ዲስኩ ዝጎ እምቢ ካለ በመዶሻ አትደብድበው። ፊቱ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ባለ 8 ቡሎን አስገብተህ ሁለቱን እያፈራረቅህ ስታጠብቅ ራሱ ይገፋል። ሞዞውንና የዲስኩን ጀርባ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ አጽዳ፤ በተለይ የቡሎኖቹን ሥር። ከዚያ መልሰህ በአምስቱም የጎማ ዳዶ፣ ከሥራቸው ወፍራም ሮንዴላ አድርገህ እሰረው። ዳያል ጌጅ (መወዛወዝን የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ካለ ከዲስኩ ጠርዝ 10 ሚሊ ገባ ብለህ ለካ፤ መወዛወዙ ከ0.05 ሚሊ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አዙረህ ደግመህ ለካ። አምስት አቀማመጥ አለው፣ ትንሹን የሚሰጥህን ምረጥና ምልክት አድርግበት።

ሄርማታ፦
ይህን ሁሉ ከማድረግ ዲስኩን ቶርኖ አስገብቶ ፊቱን ማስላጥ አይቀልም? በአንድ ቀን ያልቃል።

ቶርኖ ቤት፦
ማስላጡን አልቃወምም፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ልዩነታችን። ቶርኖው ዲስኩን በራሱ ማሰሪያ ይዞ እኩል ያደርገዋል፣ ወደ ዛገው ሞዞ ሲመለስ ግን እንደገና ዘንበል ይላል። መጀመሪያ ሞዞው ይጽዳ። ከዚያ የዲስኩን ውፍረት በማይክሮሜትር ዙሪያውን ስምንት ቦታ ለካ። ዝቅተኛው ልኬት ዲስኩ ላይ ታትሟል፤ ከተላጠ በኋላ ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ አያዋጣም፣ ግዛ። ተራ ካሊብሮ (ባለ መንጋጋ መለኪያ) አይበቃም፤ የዲስኩ ጠርዝ ሳይበላ ስለሚቀር መንጋጋው እሱን ይዞ ወፍራም አድርጎ ያሳይሃል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከፍቼ አየሁት። የግራው ሞዞ ላይ ዝገቱ ቅርፊት ሠርቷል። በቀኝ በኩል ደግሞ የውስጠኛው ሸራ አዲስ ሆኖ ሳለ ከውጭኛው በግልጽ ሳስቷል። ይሄስ ምንድን ነው?

ጎሚኒ፦
የካሊፐሩ ፒን (ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ) ተጣብቋል ማለት ነው። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፣ ካሊፐሩ ግን ተንሸራቶ የውጩን አያመጣም፤ እግርህን ስታነሳም አይለቅም። ስለዚህ ያ ዲስክ ሁልጊዜ ይግላል። ሁለቱን ፒኖች አውጣ፣ ቀዳዳውን ጠርገህ አጽዳ፣ የተቦረቦረ ፒን ካለ ቀይር። የሚቀባው ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ነው፣ በስሱ። የኩሽኔታ ግራሶ አትቀባ፤ ላስቲኩን ያሳብጠውና ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ፒኑ በጣት ሲገፋ ያለ ችግር መግባትና መውጣት አለበት። ፒኑ ነፃ ከሆነና ሸራው አሁንም ካልለቀቀ ፒስተኑ ነው፣ እሱ የጥገና ኪት ይፈልጋል። አዲሱ ሸራ እንዲህ ገደድ ብሎ ከተበላ መልሰህ አትግጠመው፤ ሲቀየርም የግራና የቀኙ አብሮ ነው።

ሄርማታ፦
ጎማው ሲታሰርም ተጠንቀቅ። ጎሚስታው በአየር መፍቻ አንዱን ዳዶ እስኪጮህ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ ከሄደ ዲስኩ እንደገና ይወለጋገዳል። ኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልገው። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ 35 ሳንቲም ክንድ ባለው መፍቻ ጫፉ ላይ 30 ኪሎ ያህል ብትጫን እዚያው ትደርሳለህ። ጎማው ገና በአየር ላይ እያለ አንዱን እየዘለልክ በኮከብ ቅርጽ አስጠጋ፣ መሬት ሲነካ በዚያው ቅደም ተከተል ጨርስ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመህ እየው።

ቶርኖ ቤት፦
ግቤን በተመለከተ፣ ማርሽ ቀንሰህ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ውረድ፤ ፍሬኑን ያዝ አድርገህ ልቀቅ እንጂ ላዩ ላይ አትቀመጥበት። ታች ድልድዩ ጋ ስትቆምም ፔዳሉን ረግጠህ አትጠብቅ፣ የጋለው ሸራ በያዘበት ቦታ ዲስኩ ላይ ይታተማል። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ መድፋትም ይቅር።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ቆመህ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለነበር የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። ቀጥሎ ጭር ባለ መንገድ ከ60 ወደ 15 ስምንት ጊዜ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም፣ በመካከል አንድ ኪሎ ሜትር እየነዳህና እያቀዘቀዝክ ፍሬን ያዝ። ከዚህ በኋላም ከመታ ዲስኩ ራሱ አልቋል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር።