የ2016ን ዓመት ለልጄ ላስቀምጥላት ብዬ፣ ግማሹ ጠቆረብኝ

የከዚራዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ልጄ የተወለደችው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ነው፣ ሰሞኑን አንደኛ ዓመቷን አከበርን። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ለልደቷ የሚያምር መጽሐፍ ላከችላት። "የተወለድሽበት ዓመት" ዓይነት ነገር ነው። የዓመቱ ዘፈን፣ የዓመቱ ፊልም፣ የዓመቱ ዋጋ። ገልጬ አየሁት። ወተት በጋሎን፣ ቤንዚን በጋሎን፣ ስማቸውን ሰምተን የማናውቅ ዘፋኞች። ልጅቷ የተወለደችው ድሬ ነው እንጂ ሚኒሶታ አይደለም!

ስለዚህ የራሷን ልሠራላት ተነሳሁ። 18 ዓመት ሲሞላት የምትከፍተው ሣጥን። መስከረም ላይ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ማራቶንን በ2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችበት ይገባል። ታኅሣሥ ላይ ብሪክስ የሚባለው የአገሮች ማኅበር የገባንበት ይገባል። ነሐሴ 4 ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተይዞ ሄዶ ከፓሪስ ያመጣው ወርቅም አይቀርም፤ በዚያ ኦሊምፒክ ያገኘናት አንዲት ወርቅ እሷው ናት። ከዚያ ሐምሌ 22 የዶላሩ ነገር። 57 ብር አካባቢ የነበረው በአንድ ቀን 74 ገባ። በማግስቱ ዳይፐር ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ፓኬቱን ከመደርደሪያ አውርዶ ወደ ጓዳ እያስገባ "ነገ ነይ፣ ዋጋው ገና አልታወቀም" አለኝ። ልጅቷ በጀርባዬ ናት። እስከ ነገ በምን ላቆያት?

ባለቤቴ ደግሞ አርሰናል ካልገባ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ግንቦት 11 ቀን፣ ልጅቷ ገና የወር ልጅ ሳለች፣ ሲቲ በ91 ነጥብ ዋንጫውን ሲወስድ አርሰናል 89 ላይ ቀረ። በሁለት ነጥብ የተበላ ዋንጫ ለልጅ ምን ይሠራላታል ብለው አልሰማኝም። ማልያውን አጥፎ አዘጋጅቷል።

አሁን ወደ ችግሬ። በተወለደች ማግስት የገዛነው አዲስ ዘመን ጋዜጣ የለም። እናቴ በርበሬ አስጥታበታለች። ሁለተኛው የባሰ ነው። የሆስፒታሉን ደረሰኝ፣ የመጀመሪያውን የዳይፐር ደረሰኝ፣ የኤቲኤም ወረቀቶች ሁሉ ሰብስቤ፣ እንዳይበላሹ ብዬ ላሚኔት ላስደርግ ወሰድኩ። አንዱን በ30 ብር። ወረቀቱ በዚህ በኩል ነጭ ሆኖ ገባ፣ በዚያ በኩል ከሰል መስሎ ወጣ። አንድ ፊደል አይታይም። ማሽኑን የያዘው ልጅ ራሱ ክው አለ። ለምንድን ነው እንዲህ የሆነው? ሌላስ ምን ልጨምር? የጎፋውን የመሬት ናዳስ ለልጅ ሣጥን ውስጥ መክተት ነውር ይሆን?


ኮፒ ቤት ሳቢያን

አቦ እህቴ አይዞሽ! ያ ኮፒ ቤት የኔ እንዳይሆን ብዬ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ላሚኔት በ30 ብር አልሠራም፣ ተርፌያለሁ።

ነገሩ ይኸውልሽ። የካሽ ሬጅስተርና የኤቲኤም ወረቀት ቀለም የለውም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል ተቀብቷል፤ ማሽኑ የሚጽፈው በቀለም ሳይሆን በትኩስ ነገር እየነካካ ነው። ላሚኔት ማድረጊያው ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር "ጻፈበት" ማለት ነው። ባታስነኪውም ኖሮ ብዙ አይቆይም ነበር። በድሬ ሙቀት ቦርሳ ውስጥ ከርሞ ነጭ ይሆናል። የቀረሽ ካለ ዛሬውኑ ኮፒ አስደርጊው፣ ዱቄት ቶነር ባለው ማሽን። በፈሳሽ ቀለም የሚያትመው ጠብታ ውሃ ከነካው ይፈሳል።

ሌላ ጋዜጣ ካገኘሽ ስኮች አትለጥፊበት፣ ስቴፕለርም አትምቺው። ስኮቹ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል፣ ሽቦው ይዝጋል። ጋዜጣ ርካሽ ወረቀት ነው፤ ብርሃንና አየር ካገኘው ቡኒ ሆኖ ይሰባበራል። ዘርግተሽ ጨለማ ቦታ አስተኚው። ካርቶን ውስጥ አይሆንም፤ የድሬ ልጅ ሆነሽ ስለ ምስጥ እኔ አልነግርሽም። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ፈልጊ፣ ከአዲስ ጫማ ጋር የምትመጣዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጨምሪበት። ቁም ሣጥን አናት ላይ ደግሞ እንዳታስቀምጪው። ጣሪያ ሥር ያለውን ሙቀት ታውቂዋለሽ።

ፎቶውን ፍላሽ ላይ ብቻ አድርገሽ አትተኚ። ፍላሽ ሳይሰካ ዓመታት ሲቀመጥ የያዘውን ይረሳል። ደግሞስ በ2034 የሚሰካበት ኮምፒውተር ይኖራል? ፍሎፒ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። የት ላግባላቸው?


የጁገል ልጅ

ሰላም ከሐረር። እህቴ፣ ሚያዝያ 9 ቀን ምን እንደነበረ ሳታውቂ ነው እንዴ የጻፍሽው? የኛ የሐረሪዎች በዓል፣ ሹዋሊድ ነበር! በእስልምናው ወር ሸዋል 8። ዒዱ ሚያዝያ 2 አልነበር? ቁጠሪው። ያውም ተራ ሹዋሊድ አይደለም። ዩኔስኮ ኅዳር ላይ ከመዘገበው በኋላ የመጀመሪያው ነው። ልጅሽ እዚያ ስታለቅስ እዚህ ከበሮና የዚክሪ ዜማ ነበር። እኔ የቀዳሁት አለኝ፣ ድምፁ ጥሩ ነው፣ እልክልሻለሁ። ብሪክስን አውጥተሽ ይህንን አስገቢ። በብሪክስ ቀን የጨፈረ ሰው አላየሁም።

ሌላው፣ ዓመቱን ለይተሽ ያዢ። የኛ 2016 በፈረንጁ ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነው። ኢንተርኔት ላይ "የ2024 ክስተቶች" ብለሽ ከፈለግሽ ትዕግሥት አትወጣልሽም፣ እሷ 2023 ውስጥ ነች። እኔ ለእህቴ ልጅ ስሠራ ሦስቱንም ዘመን ጻፍኩ። ላንቺ ልጅ ዘመነ ዮሐንስ 2016፣ በፈረንጁ 2024፣ በሒጅራ 1445 ይሆናል። የትዕግሥት ሰዓት ላይም ቀኑን ጨምሪበት። ጥቅምት 2017 ላይ ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ቺካጎ ላይ በ2:09:56 ገብታ ወስዳዋለች። ልጅሽ አድጋ "እማ፣ ተሳስተሻል" እንዳትልሽ።

ሐረር ከመጣሽ ሸሪፍ ሙዚየምን ሳታዪ አትመለሺ። አብደላ ሸሪፍ በቤታቸው ነው የጀመሩት። ብራና ብቻ እንዳይመስልሽ። ሳንቲሙ፣ ጌጡ፣ የድሮው የዘፈን ቅጂ ሳይቀር አለ። እኔ ከዚያ ወጥቼ ነው የሐለዋ መጠቅለያ መጣል የተውኩት። ባለቤቴ አብደሻል ይለኛል።


የምድር ባቡር ጡረተኛ

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ዘግይቼም ቢሆን።

ጋዜጣው በርበሬ ተሰጣበት ብለሽ አትዘኝ። ትልቁን ዜና ወመዘክር፣ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ያስቀምጥልሻል። አዲስ ዘመንን አዲስ አበባ ሄዶ ማየት ይቻላል። ያን ባለሱቅ ግን ማን ያስቀምጥልሻል? "ነገ ነይ" ያለሽን ራስሽ በእስክሪብቶ ጻፊው፣ በእጅሽ ጽሑፍ።

እኔ በደብተር በቀን አንድ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ባቡር ላይ ስሠራ የለመድኩት ነው። ከቅርቡ ልገልብጥልሽ። "ጥቅምት 27 ቀን 2015። አሊ ቢራ አረፈ። በባጃጅ ለገሃሬ ደርሼ ተመለስኩ፣ ስሄድም ስመለስም የሱ ድምፅ። ሽንኩርት ተወዷል።" ይኸው ነው። ስለ አሊ ከኔ የተሻለ የጻፉ ሞልተዋል፣ ሽንኩርቱን ግን እኔ ብቻ ነኝ የጻፍኩት።

ከ1998 በፊት የነበሩት ደብተሮቼ የሉም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ነፍሴን ይዤ ነው የወጣሁት። የተረፉት አራት ናቸው። እህቴ ሐረር ወስዳ ልታነባቸው ብላ ሳትመልስልኝ የቀሩት። ለምን አትመልሺልኝም ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ! ስለዚህ ሣጥንሽን ሁለት አድርጊው። አንዱ ካንቺ ጋር ይሁን፣ አንዱ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

ጎፋን አስገቢው። ሐምሌ 15 ነው። መጀመሪያ የተንሸራተተው መሬት የቀበራቸውን ሊያወጡ የሮጡትን ሰዎች ነው ቀጣዩ ናዳ የበላቸው። 18 ዓመት የሞላት ልጅ ይህን መስማት አያቅታትም። እኔ የደቻቱን ሌሊት ለትንሿ ልጄ ሳልነግራት ቆየሁ። ትምህርት ቤት ከጓደኛዋ ሰማችው። ስንት ጊዜ ተቀየመችኝ!

ደግሞ የእናትሽን ድምፅ ቅጂ። "አንድ ነገር ተናገሪ" አትበያት፣ ሰው እንደዚያ ሲሉት ይደርቃል። ሥራ ላይ እያለች ነው።


የከዚራዋ እናት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሁላችሁም ተባረኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት፣ ልጅቷ ጥርስ እያወጣች እንቅልፍ ነሥታኝ።

የቀሩኝን ሦስት ደረሰኞች ኮፒ አስደረግሁ። የጠቆሩትን ግን አልጣልኳቸውም። ጀርባቸው ላይ "ይህ የተወለድሽበት ሆስፒታል ደረሰኝ ነበር፣ እናትሽ ላሚኔት አስደረገችው" ብዬ ጽፌ ከተትኳቸው። ብሪክስ ወጥቷል። የሹዋሊዱ ድምፅ ደርሶኛል፣ ሦስት ቦታ አስቀመጥኩት። ሁለተኛውን ሣጥን የባለቤቴ እህት ሐረር ትይዝልኛለች። ማልያው እሷ ጋ ነው የሄደው። እዚህ ቦታ የለም ብዬ ነው፣ እሱም ነገሩ ገብቶታል።

የእናቴን ድምፅ ቀዳሁ። ቡና እየቆላች ሳለ ስልኩን ከረከቦቱ ሥር ደበቅኩት። 6 ደቂቃ ነው። ልጅቷን የመረቀችው ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው በር ላይ ከቲማቲም ሻጯ ጋር ስትከራከር ነው። "ትናንት በስንት ሰጠሽኝ? አይደለም ወይ? እስቲ ማይልኝ!" መጨረሻ ላይ ስልኩን አገኘችው። "ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?" ትላለች፣ ከዚያ ስልኩን ስታነሳው ይንኳኳል። አልቆረጥኩትም።