«በመግዛት አቅም ሲሰላ» የሚለው ምን ማለት ነው?

ጦሳ ሥር፦
አንድ ጽሑፍ ላይ «የኢትዮጵያ ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርት በመግዛት አቅም ሲሰላ በዶላር ተመን ከሚሰላው በብዙ ይበልጣል» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ «የብር የመግዛት አቅም ተዳክሟል» ይላል። አቅሙ ከተዳከመ በምን በለጠ? ሁለቱ «አቅም» አንድ ናቸው? ለተማሪ ሲብራራስ በምን ቃል ይተካ?

ቦሩ ሜዳ፦
ነገሩን ያጠመመው «አቅም» አይደለም፤ «መግዛት» ነው። ግእዙ ለይቶታል፦ ሤጠ፣ ሸጠ፤ ተሣየጠ፣ ገዛ፤ ሤጥ፣ ዋጋ። አማርኛው ግን ግብይቱንም አገዛዙንም «ገዛ» ብሎ አንድ አደረገው። እኔ የምለው፣ ሥሩ የ«እግዚእ» ሥር ነው፤ የገዛ ጌታ ሆነ። ኅብረ ቃል፣ ሁለት ትርጉም ያዘለ ቃል፣ ለቅኔ እንጂ ለሒሳብ አይሆንም። «የመሸመት አቅም» ይባል።

ባቲ ሰኞ፦
የኔታ፣ የሚሸመተው እህል ነው። የቤት ኪራይና የፀጉር ቤት ዋጋ አይሸመትም፤ ልዩነቱን የሚያመጡት ግን እነሱ ናቸው። ቤንዚን በዓለም ዋጋ ይገባል፤ የፀጉር አስተካካይ አገልግሎት ግን መርከብ ላይ አይጫንም፣ ስለዚህ በድሃ አገር ይረክሳል። ለስሌት እንዲመች፦ ቤንዚን በሊትር እዚህ 120 ብር፣ አሜሪካ 1 ዶላር ቢሆን ንጽጽሩ 120 ነው። ፀጉር መቆረጥ እዚህ 100 ብር፣ እዚያ 20 ዶላር ቢሆን 5 ነው። ደምሮ ለሁለት ማካፈል 62.5 ይሰጣል፤ ስህተት ነው፤ አገሮቹን ገልብጠው ቢያሰሉት ሌላ መልስ ይመጣል። አባዝቶ ሥሩን ማውጣት ነው፦ የ600 ሥር 24.5 ገደማ። በብር የተቆጠረው ምርት የሚካፈለው ለዚህ ቁጥር ነው፣ ለባንኩ ተመን አይደለም። አገሮች በሚነጻጸሩበት በዋናው ዓለም አቀፍ ሥራ ላይ የአገር ወጪ 155 መደብ አለው፤ እያንዳንዱም በአገሩ ወጪ ውስጥ ባለው ድርሻ ይመዘናል።

ሐይቅ ዳር፦
አብሽሩ፣ ዐረብኛውም አልለየውም። «ሸራ» መግዛትም መሸጥም ነው፤ በሱረቱ ዩሱፍ «ሸረውሁ» ሲል ሸጡት ማለቱ ነው። «ተመን»ም ከዐረብኛው «ሰመን»፣ ከዋጋ የመጣ ይመስለኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያው ምርት በዶላር ሲቆጠር ወደ ግማሽ ተጠጋ፤ ከጎተራው ግን አንድ ቁና ጤፍ አልጎደለም። በመግዛት አቅም ማስላት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ባቲ ሰኞ፦
ልክ ነው፣ ግን ስሌቱ ከገበያ ይበላሻል። ጤፍ በጣሳ ሲሸጥ ጣሳው ቁልል ነው ወይስ ልክ? ሻጯ መጨረሻ ላይ በእፍኟ የምትጨምራት ምራቂስ? ከሦስት ሻጭ ገዝቶ፣ ምራቂዋን ጨምሮ መዝኖ፣ የተከፈለውን ለኪሎው ማካፈል ነው። ምራቂ ሳይገባ የተመዘነ ጤፍ ከእውነቱ ይወደዳል፤ ዋጋው ሲወደድ አካፋዩ ያድጋል፣ አገሩም ከሆነው በላይ ድሃ ይመስላል። ማኛውን ከሰርገኛው መቀላቀልም እንዲሁ ያሳስታል።

ቦሩ ሜዳ፦
ምራቂ ከ«መረቀ» ነው። ምርቃት ዋጋ ውስጥ አይገባም።

ባቲ ሰኞ፦
ምርቃቱ አይመዘንም፤ ጤፉ ግን ይመዘናል።

ደብረ ከርቤ፦
የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና «አቅም»ን ዘለሉት። በዐይኑ ዐ «ዐቅም» ሲጻፍ በግእዝ ልክ፣ መጠን፣ ወሰን ነው፤ ጉልበት የሚለው ትርጉም በአማርኛ የገነነ ነው። «የብር የመግዛት አቅም ተዳከመ» ዘንድሮን ከአምና ያነጻጽራል። «በመግዛት አቅም ሲሰላ» ግን በአንድ ዓመት ውስጥ አገርን ከአገር። ብር ከአምናው እየደከመም፣ እዚሁ ገበያ ላይ ከባንኩ ተመን በላይ ሊገዛ ይችላል። ዓለም አቀፉ የዋጋ ንጽጽር በዙር የሚካሄደውም ለዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2021 ዙር ውጤት በ2024 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዙር የተሰላውን ዶላር ከ2021ዱ ጋር የደባለቀ ሰው እድገት ያልሆነውን እድገት ይለዋል።

ቦሩ ሜዳ፦
ዐቅም በዐይኑ መሆኑን ተቀብያለሁ፤ ልክ ማለቱም እውነት ነው። «መግዛት»ን ግን አልለቅም። ሐዋርያው «በዋጋ ተገዝታችኋልና» ሲል ሁለቱም አለበት፤ የተገዛ ይገዛል። «የዋጋ ልክ» ቢባልስ?

ባቲ ሰኞ፦
«የዋጋ ልክ» ካልን ከዋጋ ግሽበቱ መለኪያ ጋር ይጋጫል።

ቦሩ ሜዳ፦
እንግዲያው «ሤጥ» ይመለስ።

ጦሳ ሥር፦
ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ሤጥ» ልበል?